እንጉዳይ የሚመስለው ኮራሌ ከተዘጋ 9 ቀኑ ነው፤ ልጣለው?

ጥያቄው ከጎንደር፣ ከማራኪ አካባቢ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «75 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ከ2 ወር በፊት አዲስ አበባ ካለ ሰው ከነድንጋዩና ክላውንፊሽ ከሚባሉት 2 ትንንሽ የባሕር ዓሣዎች ጋር ገዛሁት። ውስጡ እንጉዳይ የሚመስል ሌዘር ኮራል አለ፤ ጣቶቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዜኒያ የሚባል ኮራልም አለ። ሌዘሩ ከተዘጋ 9 ቀኑ ነው። ላዩ ሰም የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ርቦት ይሆናል ብዬ የተፈጨ ዓሣ በተንኩበት፤ መብራቱንም ጨመርኩለት። ለውጥ የለም። ውሃው ሲጎድል ከ3 ሳምንት ወዲህ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል የጨው ውሃ እሞላለሁ። በምላሴ ስቀምሰው ጨውነቱ ያው ነው። ዓሣዎቹን ሳይመርዝብኝ ልጣለው? ጨው ሲያልቅብኝስ የአፍዴራ ጨው ይሆናል? ዱባይ ያለች እህቴም ቀይ ለስላሳ ኮራል ላምጣልህ ብላኛለች፤ ፎቶውን አያይዣለሁ።»

አይጣሉት። ሌዘር ኮራል ስለተዘጋ ሞተ አይባልም። ይህ የባሕር እንስሳ በየጊዜው ፖሊፖቹን፣ ማለትም ላዩን የሸፈኑትን አበባ መሰል ትንንሽ አካላት፣ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያወጣል፤ ቆይቶ ሽፋኑ ተልጦ ይወርዳል። የተለጠፈበትን አልጌና ቆሻሻ የሚያራግፈው በዚህ መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል፤ 2 እና 3 ሳምንት የሚቆይበት ጊዜም አለ። እርስዎ ያዩት ማብለጭለጭ ይኸው ሽፋን ነው። ስንቱ ጀማሪ ደህና ኮራሉን አውጥቶ የጣለው በዚህ ሰሞን ነው።

የሚሞት ሌዘር ሌላ መልክ አለው። ግንዱ ይዝላል፣ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል። ጠርዙ ላይ ወይም እግሩ ሥር ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ይታያል። ውሃ ሲነካው ሥጋው እየተቦጨቀ ይበተናል። ከሁሉም በላይ ግን ይሸታል። ስለዚህ ጓንት ያጥልቁ፣ የተጣበቀበትን ድንጋይ ለአፍታ ከውሃው ያውጡና ያሽትቱ። የባሕር ሽታ ብቻ ካለው ወደ ቦታው ይመልሱት። የገማ እንቁላል ከሸተተ የበሰበሰውን ክፍል በስለታም ምላጭ ቆርጠው ያስወግዱ፤ ጤነኛው ሥጋ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። የቀረው ራሱን ይተካል። ሌዘር ላይ ላዩን ሲያዩት ልፍስፍስ ነው እንጂ ጠንካራ ፍጡር ነው፤ ራሱ ተቆርጦ ግንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ አዲስ ራስ ያወጣል።

ታዲያ ሁሉም ሰላም ነው ማለቴ አይደለም። ከጻፉት ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ የኮራሉ መዘጋት ሳይሆን የእርስዎ አሞላል ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይሄድም። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨዉ እዚያው ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። የጨው ውሃ የሚገባው አሮጌውን ውሃ ቀድተው ደፍተው በአዲስ ሲቀይሩ ብቻ ነው። መሙላትና መቀየር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እርስዎ አንድ አድርገዋቸዋል።

እስቲ እናስላው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። በቀን ግማሽ ሊትር ለ3 ሳምንት ሲሞላ 10 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ በውስጡ 370 ግራም ገደማ ጨው አለ። ይህ ለ75 ሊትር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሊትር 5 ግራም ይደርሰዋል። ከ35 ተነስተው ወደ 40 ገብተዋል ማለት ነው። ድንጋዩ የያዘው ቦታ ሲቀነስ ትክክለኛው ውሃ ከ75 ሊትር ስለሚያንስ፣ ቁጥሩ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። 40 በራሱ ገዳይ አይደለም። የሰሜን ቀይ ባሕር ጨው ከ40 ያልፋል፤ የእርስዎ ሌዘር ዘመዶች እዚያ ተመችቷቸው ይኖራሉ። ነገር ግን እነሱ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚያው ናቸው። የእርስዎ ኮራል በ35 ለምዶ ሲኖር በ3 ሳምንት ወደ 40 ተገፋ። እንዲህ ሲሆንበት መጀመሪያ የሚያደርገው መዘጋት ነው። ሽፋኑን ለማራገፍ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል፣ ጨው በዝቶበትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ተደራርበውበትም ይሆናል። መፍትሔው በሁሉም መንገድ አንድ ነው።

ምላስዎን ይተዉት። 35ን ከ40 የሚለይ ምላስ የለም፤ በዚያ ላይ የኮራል ውሃ አይቀመስም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። መለኪያ ይግዙ። ርካሹ ቀስቱ የሚወዛወዘው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ነው፤ ግን ቀስቱ ላይ የአየር አረፋ ሲጣበቅ ከእውነተኛው በላይ ያነባል። በእሱ የሚለኩ ከሆነ መታ መታ አድርገው አረፋውን ያራግፉ። የተሻለው ሪፍራክቶሜትር ነው፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ሲገዙ 35 የሚል ማስተካከያ ፈሳሽ አብረው ይግዙ፤ አለዚያ መለኪያው ራሱ ሲሳሳት አያውቁበትም። የሚፈልጉት ንባብ 35 ነው፤ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ውሃው ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) ከ1.025 እስከ 1.026 መሆኑ ነው። ወደ 1.030 ከተጠጋ ሂሳባችን ልክ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱት። በየቀኑ 2 ሊትር ከገንዳው ቀድተው ይድፉ፣ በምትኩ 2 ሊትር ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ በዝግታ ያፍስሱ። ውሃው አስቀድሞ ለብ ያለ ይሁን። ይህ በቀን 1 ግራም ገደማ ይቀንሳል፤ በ5 ቀን አካባቢ ወደ 35 ይመለሳሉ። በየቀኑ ይለኩ፤ 35 ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። «አንዴ ልገላገለው» ብለው በአንድ ቀን 10 ሊትር እንዳይቀይሩ። ጨው ድንገት ሲወርድ ውሃ ወደ ኮራሉ ሥጋ ውስጥ ይገባና ያሳብጠዋል፤ ቀስ ብሎ ከመጣው ጉዳት በችኮላ የሚመጣው ይብሳል። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ መስታወቱ ላይ የውሃውን ልክ በማርከር ያስምሩ። በየማለዳው እስከ መስመሩ ድረስ ንጹሕ ውሃ ይሙሉ። አለቀ።

«ንጹሕ ውሃ» የቱ ነው? የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ በውስጡ የሟሙት ናይትሬትና ፎስፌትም አልጌ ይመግባሉ። ማፍላት ክሎሪኑን ያወጣል እንጂ የሟሟውን ማዕድን አያወጣም፤ እንዲያውም ያከማቸዋል። የቤት የሸክላ ማጣሪያም ጀርም እንጂ የሟሟ ነገር አይዝም። ትክክለኛው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃ ነው፤ የሟሟውን ማዕድን ጭምር በሚያስቀር ማሽን የተጣራ ማለት ነው። ማሽኑ ከሌለዎት ዲስቲልድ (ተንኖ ተመልሶ የተጠራቀመ) ውሃ ይፈልጉ። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን ግን ይጠንቀቁ፤ ጀሪካኑ ከዚህ በፊት አሲድ ይዞ የነበረ ከሆነ በአንድ ቀን ሁሉንም ይጨርስብዎታል። ክረምት ላይ የዝናብ ውሃም ይሠራል፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ አይሁን። ከቆርቆሮው የሚለቀቀው ዚንክ ለኮራል መርዝ ነው። ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ በቀጥታ በንጹሕ ፕላስቲክ ባልዲ የተጠራቀመ ይሁን። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ሲቸግርዎ ለጥቂት ቀን የታሸገ ውሃ ይሞላሉ፤ ጋዝ የሌለውን። የጣና ውሃ ግን በምንም መንገድ አይሆንም። ደለሉና እምቦጩን የሚያፋፋው ንጥረ ነገር እርስዎ ገንዳ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያቅትዎትም።

ወደ ምግቡ ልምጣ። ሌዘርም ዜኒያም አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት ሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ነው። አልጌዎቹ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ ኮራሉ ይካፈላቸዋል። ስለዚህ የተፈጨ ዓሣ አያስፈልገውም። የተዘጋ ኮራልማ ቢሰጡትም አይበላ፤ ላዩ ላይ ይበሰብስበታል እንጂ። የበተኑትን በትልቅ ሲሪንጅ እየሳቡ ያውጡ። በዚያው ሲሪንጅ የገንዳውን ውሃ ስበው በኮራሉ ላይ ቀስ አድርገው ይንፉበት፤ ሽፋኑ ይላቀቅለታል። ውሃ የሚገፋውን ፓምፕም ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን አዙረው ውሃው በደህና እንዲያርፍበት ያድርጉ። የቆመ ውሃ ውስጥ ሽፋኑ አይወርድም። መብራቱን ወደ ነበረበት ይመልሱ፤ በቀን 8 ሰዓት ይበቃል፣ ለምሳሌ ከረፋዱ 4 እስከ ምሽቱ 12። የታመመ ኮራል ላይ ብርሃን መጨመር አልጌዎቹን ያስወጣዋል፤ ያኔ ይነጣል፣ ከመራብም አልፎ ይሞታል። ገንዳውን ወደ መስኮት ማስጠጋትም አያስቡ። የጎንደር የበጋ ፀሐይ ቀን ያሞቀውን ውሃ ሌሊት ቅዝቃዜው ይነጥቀዋል፤ አረንጓዴው አልጌ ደግሞ ሠርግና ምላሽ ይሆንለታል።

«ዓሣዎቹን ይመርዛል ወይ» ያሉት መሠረት አለው። ለስላሳ ኮራል የድንጋይ አጽም ስለሌለው የሚከላከለው በኬሚካል ነው። ሌዘር በተለይ ተርፒን የሚባሉ ውህዶች ወደ ውሃው ይለቃል፤ ሌሎችን ኮራሎች ያቀጭጫል። በ75 ሊትር ውስጥ ይህ ይጠራቀማል። መፍትሔው አክቲቭ ካርቦን፣ ማለትም ከውሃ ኬሚካል ለመምጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል፣ ነው። 60 ግራም ያህል በጨርቅ ከረጢት አድርገው፣ በደንብ አጥበው ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ያኑሩ፤ በወር አንዴ ይቀይሩ። የምድጃ ከሰል አክቲቭ ካርቦን አይደለም። ጠይቀው የሚያውቁ ስላሉ ነው የምነግርዎ። ውሃውን ከማጥቆርና አመድ ከመጨመር ሌላ ጥቅም የለውም።

ዜኒያው ምን እያደረገ እንደሆነ አልጻፉም። እሱን ይመልከቱልኝ፤ በዚህ ገንዳ ውስጥ ቶሎ የሚነግርዎት እሱ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት በእያንዳንዱ ፖሊፕ ጫፍ 8 ላባ መሰል ጣቶች አሉ፤ ተከፍተው ይዘረጋሉ፣ ወዲያው ተጨብጠው ይገጥማሉ፣ ቀንና ሌሊት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የቀይ ባሕር ጥናት ይህ ጭብጨባ ምግብ ለማጥመድ ሳይሆን ውሃውን ለማንቀሳቀስ መሆኑን አሳይቷል፤ አልጌዎቹ የሚያመርቱት ኦክስጅን ከላያቸው ሲነሳላቸው የብርሃን ሥራቸው ይጨምራል። ዜኒያው እየጨበጠ ከሆነ ውሃው ያን ያህል አልተበላሸም። ከቆመና ከሟሸሸ ግን ሌዘሩን ትተው ውሃውን ይመርምሩ፤ ከዓሣ ኩስና ከብስባሽ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 20 ሚሊግራም ቢሆን ለስላሳ ኮራል ደስ ይለዋል። ዜሮ ለማድረግ አይታገሉ፤ በጣም የጸዳ ውሃ ያስርባቸዋል። ዜኒያው ከተስማማው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ድንጋይ በድንጋይ ተሻግሮ ሁሉን ይወርሳል፤ ከአሁኑ ለብቻው በተነጠለ ድንጋይ ላይ ያኑሩት።

አሁን ስለ ጎንደር። ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ይህንን አይነግሩዎትም። ከተማዎ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር በላይ ነው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ በሚጠጋ ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ ምጽዋ ላይ ቢበዛ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ጎንደር ላይ ከ5 ብዙም አያልፍም። ቀን ቀን አልጌዎቹ ስለሚያመርቱ አይታወቅም። ሌሊት ግን ሁሉም ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ይህ ችግር አይሆንም። መብራት የጠፋ ሌሊት ነው ጉዱ የሚታየው። ባሕር ዳርቻ ላይ ብዙ ሰዓት የሚያቆይ ውሃ እርስዎ ጋ ቶሎ ያልቅበታል።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሙቀት፣ ብርሃን መጨረሻ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ ከማናቸውም ዕቃ በፊት መግዛት ያለብዎት እሱን ነው። እስኪያገኙ ድረስ ውሃውን በንጹሕ የፕላስቲክ ጣሳ እየቀዱ ከስንዝር ከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩ፤ በየሩብ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ። ክላውንፊሾቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ካላላወሱ በቂ ነው። ለሙቀቱ የገንዳውን 4 ጎን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ፤ አናቱን ግን ክፍት ይተዉ፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ትኩስ ውሃ የሞላበት በደንብ የተከደነ ሃይላንድ ቢያንሳፍፉበትም ይረዳል። 25 ዲግሪ የነበረው ለአንድ ሌሊት ወደ 21 ቢወርድ ሌዘሩ ይችለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን ከዚያ በታች እንዳይወርድ ይጠብቁት፤ ለዚህ ገንዳ 150 ዋት ሂተር ያስፈልግዎታል። ስለ ብርሃኑ አይጨነቁ። 2 ቀን ጨለማ ኮራል አይገድልም፤ ለመብራት ብለው ጄኔሬተር አያስነሱ። ካስነሱም ከቤት ውጭ ይሁን፤ ጭሱ ከዓሣው በፊት ሰዉን ነው የሚገድለው። በነገራችን ላይ ቡና የሚፈላበትን ክፍል ከገንዳው ቢያርቁት ጥሩ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ውሃው ይገባና ፒኤቹን ያወርዳል፤ ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል ማለት ነው። መስኮት መክፈትም ይበቃል፤ ቡናው ይቅር አላልኩም።

የአፍዴራ ጨው አይሆንም። ጥሩ የወጥ ጨው ነው፤ ግን ሶዲየም ክሎራይድ ነው ማለት ይቻላል፣ አዮዲንም ይጨመርበታል። በባሕር ውሃ ካለው ጨው ሶዲየም ክሎራይዱ 85 በመቶ ያህል ነው፤ ቀሪው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም ነው። ኮራል ያለ እነዚህ አይኖርም። «በትንሹ ልቀላቅል» የሚለውም አይሠራም፤ ሚዛኑ ይዛባል፣ መልሶ ማስተካከል ደግሞ ያሰለቻል። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው አስቀድመው ያከማቹ። በሳምንት 7 ሊትር ተኩል ቢቀይሩ ለ6 ወር 7 ኪሎ ገደማ ይበቃዎታል። በክረምት እርጥበት እንዳይጠጥርብዎ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ያስቀምጡት።

ጥንቃቄ ስለሚያሻቸው ነገሮች። ከሰው የተገዛ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ የአዝራር ቅርጽ ያላቸው ኮራሎች ተለጥፈው ሊመጡ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ሰው የሚገድል መርዝ አላቸው። ውሃውን መቅመስ የከለከልኩዎ ለዚህ ነው። ድንጋዩን አያፍሉ፣ በፈላ ውሃም አያጥቡ፤ እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ሲቆርጡ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጨርሶ አይንኩት። የዝንብና የበረሮ ስፕሬይ ገንዳው ባለበት ክፍል አይርጩ። ክላውንፊሾቹ ነጫጭ ነጥብ ቢያወጡ ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ አያስገቡ፤ ዓሣውን አድኖ ኮራሉን ይፈጃል። ዓሣዎቹን ለይተው በሌላ ዕቃ ያክሙ።

የላኩት ፎቶ ዴንድሮኔፍቲያ የሚባለው ነው። እህትዎ አታምጣው። እሱም ለስላሳ ኮራል ቢሆንም አኗኗሩ ከሌዘሩ ጋር አይገናኝም፤ ሥጋው ውስጥ አልጌ የለውም፣ ከብርሃን የሚያገኘው ነገር የለም። የሚኖረው ወራጅ ውሃ የሚያመጣለትን ጥቃቅን ምግብ ቀንና ሌሊት እየለቀመ ነው። ያን ያህል ምግብ 75 ሊትር ውስጥ ካስገቡ ውሃው ይበሰብሳል፤ ካላስገቡ በሳምንታት ውስጥ ይራባል። ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይሞትባቸዋል። በዚያ ላይ ሕይወት ያለው ነገር ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባት ኤርፖርት ላይ የሚያስቆም ነው። እህትዎ መላክ ከፈለገች የአየር ፓምፑን፣ ሪፍራክቶሜትሩንና አንድ ባልዲ የባሕር ጨው ትላክ። ሌዘሩ ተከፍቶ ውሃው ለ3 ወር ሳይዛባ ከቆየ ሌላ ኮራል ማሰብ ይችላሉ፤ ያኔም ሌላ ሌዘር ወይም የእንጉዳይ ኮራል የሚባለው፣ ከሌዘሩ የተለየ ዓይነት፣ ይሁን።